ሰርቮው ሲቆም ጉልበቱ ወዴት ይሄዳል?

የማሸጊያ ማሽን የሚጠግኑ አንባቢ፣ ሰርቮውን፣ ማለትም ፍጥነቱና ቦታው በትክክል የሚታዘዘውን ሞተር፣ በፍጥነት ሲያቆሙት ድራይቩ (ሞተሩን የሚመግበውና የሚያዝዘው መሣሪያ) «ቮልቴጅ በዝቷል» ብሎ ይዘጋባቸዋል። ስንት ኦም ብሬክ ሬዚስተር (ሞተሩ ሲቆም የሚመለሰውን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ) ልግዛ ይላሉ።

ኦም ብቻውን አይበቃዎትም። በመቆም ላይ ያለ ሞተር ጄኔሬተር ይሆናል፤ በሚሽከረከረው ክብደት የነበረው ጉልበት በድራይቩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ይመለሳል። በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ካፓሲተሮቹ 540 ቮልት ገደማ ይይዛሉ። ሬዚስተሩን በ780 ቮልት የሚያስገባ ድራይቭ እንውሰድ፤ የእርስዎን ቁጥር ከመመሪያው ይዩ። የሞተሩና የጭነቱ ኢነርሺያ (የፍጥነት ለውጥን የሚቃወሙበት መጠን) በድምሩ 0.02 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 3000 ዙር ቢሆን፣ የሚመለሰው ጉልበት 987 ጁል ያህል ነው። የ1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከ540 እስከ 780 ቮልት ሲሞላ የሚቀበለው 158 ጁል ብቻ ነው። ቀሪው ሙቀት መሆን አለበት፤ እኔ ግን ለጥንቃቄ ሁሉንም በሬዚስተሩ ላይ አስባለሁ።

ሞተሩ በ0.2 ሰከንድ ከቆመ አማካዩ 4935 ዋት ነው፤ ብሬኩ በጀመረበት ቅጽበት ግን እጥፉ፣ 9870 ዋት። 780ን በራሱ አባዝተው ለዚህ ቢያካፍሉት 61 ኦም ይመጣል። ኦሙ ከዚህ ከበለጠ ሬዚስተሩ ጉልበቱን በጊዜ አይጨርሰውም። በታች ደግሞ አምራቹ ያስቀመጠው ወለል አለ፤ 40 ከሆነ፣ 50 ኦም ይግዙ። ዋቱን የሚወስነው ድግግሞሹ ነው፦ በየ4 ሰከንዱ አንዴ የሚቆም ከሆነ አማካዩ 247 ዋት ስለሆነ እኔ 500 እመርጣለሁ። የ0.2 ሰከንዱን ጫና መቻሉንም ከሬዚስተሩ ሰንጠረዥ ያረጋግጡ።

ስለ ኦም የሚጽፉልኝ ብዙ ናቸው፤ ቀጥሎ ስለምናገረው ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ሬዚስተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትራንዚስተር በድራይቩ ውስጥ አለ። እርሱ ተቃጥሎ ሾርት ሆኖ ቢቀር 540 ቮልቱ ያለ ፋታ በ50 ኦሙ ላይ ይወድቃል፤ 5832 ዋት፣ 500 ዋት ብቻ በሚችል ዕቃ ላይ። ሞተሩ ቆሞ፣ ሠራተኛው ምሳ ወጥቶ እሳት ይነሳል። ድራይቩን ከቁልፉ ማቆም አያድንም፤ የሚያድነው መስመሩን ከምንጩ መቁረጥ ነው። ስለዚህ የሙቀት መቁረጫ ያለው ሬዚስተር ይግዙ፣ መቁረጫውም ድራይቩን በሚመግበው ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትልቅ ማብሪያ) ኮይል መስመር ላይ ይግባ። ይህን የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። በዚህ አልደራደርም።

የእንጀራ ምጣድ ሽቦ አያገለግልም ወይ ለሚሉ።

አያገለግልም! በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 14 ኦም ገደማ ነው። በ780 ቮልት 56 አምፔር ያህል ይስባል፤ ወለሉ 40 ኦም የሆነ ድራይቭ ግን የተሠራው ለ20 አምፔር ገደማ ነው። ሬዚስተር ለመቆጠብ ድራይቭ አይቃጠልም።

ዕቃ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰርቮ ያላቸው፣ ሬዚስተሩ ጭነቱን ይይዝልኛል ወይ ብለዋል።

አይይዝም። 100 ኪሎ ግራም 2 ሜትር ሲወርድ 1962 ጁል ይለቃል፤ ሬዚስተሩ ያንን ያቃጥላል እንጂ ጭነት አያቆምም። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ሜካኒካል ብሬክ ነው። ከሥሩ ሰው የሚያልፍ ከሆነ ባለሙያ መርምሮ ሳይፈቅድ ማሽኑን አያስነሱት።

የሬዚስተሩ ሽቦዎች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አላቸው?

የላቸውም። ከመንካትዎ በፊት ግን መስመሩን ቆርጠው መመሪያው የሚለውን ያህል ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካፓሲተሮቹ ወዲያው ባዶ አይሆኑም።

«ሬዚስተሬ እጅ አያስነካም፣ ተበላሽቶ ይሆን?»

ሊሞቅ ነው የተሠራው። ከሳጥኑ ውጭ፣ ከኬብል አርቀው ይስቀሉት፤ ስለ ክፍተቱ ሻጩን ይጠይቁ።