ካልሲውን አውልቃችሁ እዩ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች በረዳት ነርስነት ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ከእኛ አገር ሰው አሜሪካ ውስጥ እንጀራውን በዚህ ሥራ የጀመረ ብዙ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ስልጠና ያዛል። አልጋ ማንጠፍ፣ ገላ ማጠብ፣ ማጉረስ ትማራላችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ተረከዝ ነው።

በሁለተኛው የሥራ ዓመቴ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት እንከባከብ ነበር። ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞታል። «ቆዳቸው ከቀላ ለነርሷ ተናገሩ» ተብለን ስለነበር በየቀኑ መቅላት እፈልጋለሁ፤ የለም። አንድ ጠዋት ካልሲያቸውን ሳወልቅ ተረከዛቸው ወይን ጠጅ መስሎ ጠቁሯል። ስነካው ረግረግ አለ። ያ ብዙ ከመተኛት የሚመጣ የአልጋ ቁስል እስኪድን ወራት ፈጀ። መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ በደንብ እንደማይታይ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የእጄ ቀለም ከእሳቸው ቀለም አይለይም።

ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ የቀላውን ቦታ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ሲጫኑት የማይነጣ ከሆነ ጉዳቱ ጀምሯል። በጠቆረ ቆዳ ላይ በእጃችሁ ዳብሱ። ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ ላልቷል? ከሌላኛው እግር ጋር አስተያዩት። ዳሌን፣ ጭራ አጥንትን፣ ክርንን፣ የጭንቅላትን ጀርባም እንዲሁ። የተጎዳውን ቦታ ግን አትሹት። እናቶቻችን ያመመንን በቅቤ እያሹ ነው ያሳደጉን፤ እዚህ ላይ ግን ማሸት ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል።

በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨመቀ ሥጋ ደም አይደርሰውም። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ፈረቃው ሰው ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው ነው። እባካችሁ አትዝለሉት። ስታገላብጡም አትጎትቱ፤ ሁለት ሆናችሁ ከሥራቸው ባለው አንሶላ አንሷቸው። ያረጀ ቆዳ ስስ ነው፤ ቀለበት ወይም ረዘም ያለ ጥፍር ይቀደዋል። ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርጉ፤ ተረከዙ ምንም ሳይነካ በአየር ላይ ይቅር።

ገላቸውን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፤ በፎጣ ሳትፈትጉ አድርቁና ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ ቅባት ቀቧቸው፤ በእግር ጣቶች መካከል ግን ቅባት አታድርጉ። ሽንት የነካውን ቆዳ ቶሎ አጽዱ፤ ዚንክ ያለበት ቅባት ይከላከልለታል።

እኒያ እናት ቁስሉ ከመታየቱ በፊት ባሉት ቀናት ካልሲ ሳለብሳቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ፣ እግራቸውን ያሸሹ ነበር። እኔ መዝገቡ ላይ «እንክብካቤ አልቀበልም ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። እያመማቸው ነበር፤ በነበራቸው ብቸኛ መንገድ ሲነግሩኝ ነበር።