አልጋ ሥር የምትገባ ጀልባ

ጥያቄ፦ ደሴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ከወንድሜ ጋር ሐይቅ ወርደን የምንቀዝፍባት፣ ስንመለስ አልጋ ሥር የምትገባ ጀልባ ልንገዛ ነው። የቷ ትሻላለች?

መልስ፦ በአየር የምትነፋዋን ግዙ። በሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ የሚሄዱ ሰዎችም ቦታ ስለሚጠባቸው ብዙዎቹ የሚይዙት እሷኑ ነው። ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠሩ ተጣጣፊዎችም አሉ፤ ውሃ ላይ ደህና ናቸው፣ ግን ሲታጠፉ እንደ ረጅም ጣውላ ስለሚሆኑ ደረጃ ላይ ያሰቃዩአችኋል።

ወለሏን በደንብ እዩ። የአሉሚኒየም ወለል ሲረግጡት ጠንካራ ነው፣ ክብደቱ ግን አይጣል ነው። ወለሉም የሚነፋ ከሆነ ሁሉም ነገር ተጠቅልሎ አንድ ከረጢት ይገባል። ለሁለት ሰው 2.3 ሜትር አካባቢ ይበቃል፣ ብቻ ጎኗ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

ጀልባዋ ከምትሠራባቸው ጨርቆች ሃይፓሎን የሚባለው ጎማ ነክ ጨርቅ ፀሐይን ይችላል፣ ግን ውድ ነው፤ ቤት ለምታስቀምጡት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲኩ ይበቃችኋል። ግጥም አድርጋችሁ ነፍታችሁ ቀትር ፀሐይ ላይ አትተዉአት፣ አየሩ ሲሞቅ መገጣጠሚያዋን ይወጥረዋልና ትንሽ አስተንፍሱ።

ሞተሩ ይቅርባችሁ። 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቤንዚን ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ መቅዘፊያ ይሻላል። በተረፈው ብር ሁለት የሕይወት አድን ጃኬት ግዙ፣ ዋና ብትችሉም። በደሴ ጉምና ዝናብ ደግሞ ሳትደርቅ ካጠፋችኋት ትሻግታለች።