ጥያቄና መልስ፦ የካንሰር ታማሚ ሲከሳ ምን እናብላ?

ጎጃም ውስጥ በሥነ ምግብ ሙያ እሠራለሁ። የካንሰር ታማሚ የምታስታምሙ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ እናታችን ለጡት ካንሰር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ጀምረዋል። ከ52 ኪሎ ወደ 45 ወርደዋል። የፕሮቲን ዱቄት ግዙ ተባልን፤ ዋጋው አይቀመስም። በጎቹን እንሽጥ?

መልስ፦ ገና አትሽጡ። ዱቄቱ ካንሰር አያድንም፤ የሚጠቅመው በቂ መብላት ላቃተው ሰው ነው። ታማሚ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ለእናታችሁ ከ45 እስከ 67 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 7 ወይም 8 ግራም ይሰጣል። ጠዋት ሁለት እንቁላል በቅቤ ጥበሱላቸው፤ አጥሚቱን በውኃ ፋንታ በወተት ሥሩ፤ ሽሮው ላይ ቅቤ ጨምሩ። ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑን ለማገዶ ይጠቀምበታልና ቅቤውን አትሰስቱ። ትሪ ሙሉ አታቅርቡላቸው፤ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ይህም ሆኖ መክሳታቸው ካልቆመ፣ ኩላሊታቸው ተመርምሮ ስለ ዱቄቱ ከሐኪሙ ጋር ተማከሩ። ሰባት ኪሎ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ አሁኑኑ ይወቀው።

ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ግን በኬሞ ወቅት በፍጹም! ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ቀላል የሆድ ኢንፌክሽን እንኳ ይጥላል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አባቴ ታመውም ሁዳዴን አልገድፍም አሉ።

መልስ፦ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። እኔ ከምነግራቸው የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ፤ ዛሬውኑ ጥሩላቸው። እስከዚያው ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የለውዝ ቅቤ በየሰዓቱ ይቅመሱ። አፋቸው ከቆሰለ በርበሬና ሎሚ ይቅር።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ግብጦስ?

መልስ፦ ከክብደቱ ሲሶው በላይ ፕሮቲን ነው፤ እጃችን ላይ ያለ ሀብት። ምሬቱ ግን መርዝ ስላለው ተቀቅሎ፣ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት ተነክሮ፣ ምሬቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ልጣጩ ወልቆ ይፈጭ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ባለቤቴን «በሞቴ» እያልኩ ባጎርሰው ይተፋዋል። ተስፋ የቆረጠ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እልህ አይደለም። በሽታው ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ኬሞውም ጣዕም ያበላሻል። ሥጋ ብረት ብረት ካለው በእንቁላል ወይም በዓሣ ለውጪው። የወጥ ሽታ የሚያስጠላው ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ስጪው። ጉርሻውን ተይው፤ አጠገቡ አስቀምጪለትና አብረሽው ብዪ። ማቅለሽለሹ ካልለቀቀው መድኃኒት አለውና ለሐኪሙ ንገሪ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አያቴ ጉሮሮአቸው ላይ ካንሰር አለ፤ ከውኃ በቀር ምንም ካልወረደላቸው ከሳምንት አለፈ። ዛሬ ትንሽ ስለተሻላቸው በደንብ እናብላቸው?

መልስ፦ አይሆንም፤ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ለቀናት ባዶ የነበረ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ በደሙ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የሚባሉ ማዕድናት በድንገት ይወርዳሉ፤ ልብን እስከማቆም ይደርሳል። እዚያ ደማቸው እየታየ በጥቂቱ ይጀመርላቸዋል፤ መዋጥ ካልቻሉም በቱቦ መመገብ ይቻላል። ነገን አትጠብቁ።