ዓይኔን ጨፍኜ ልጫወት ወይስ ልቅዳ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጊታር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደስ የሚለኝ ዓይኔን ጨፍኜ እጄ የወሰደኝን መጫወት ነው። አስተማሪዬ ግን «የሌላ ሰው ሶሎ (ጊታሩ ለብቻው ጎልቶ የሚጫወተውን ክፍል) አንድ ኖታ ሳታጎድል ቅዳ» እያለ አስጨነቀኝ። ሰው ስቀዳ በቀቀን ሆኜ አልቀርም? ስሜቱስ የት ይገባል?

መልስ፦ «በቀቀን» ስትል ሳቄ መጣ። እኔም በጀማሪነቴ ለአስተማሪዬ ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ግን ጉዴ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ «በስሜት» ስጫወት ራሴን ቀረጽኩ። መልሼ ስሰማው አፈርኩ። እየዞረ የሚመጣው አራት ሐረግ ብቻ ነው። ያው ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፁ ስኬል)፣ ያው አምስተኛ ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፍለው ብረት)፣ መጨረሻ ላይም ድምፁ ከፍ እንዲል ያችው ክር መግፋት። እኔ ፈጠራ የምለው እጄ የለመደውን ሲደጋግም ነበር።

ከዚያ አሥራ ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ሶሎ መረጥኩ። ኖታዎቹን በአንድ ቀን አገኘኋቸው። ግን የሰውዬውን አይመስልም! ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ችግሩ ሁለተኛው ክር፣ ስምንተኛው ፍሬት ላይ ነበር። እኔ ክሩን ወዲያው ሙሉ ቶን፣ የሁለት ፍሬት ያህል ማለት ነው፣ እገፋዋለሁ። እሱ ዘግየት ብሎ ይጀምርና ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይተወዋል። ሆዴን ያባባው ያ ትንሽ የቀረው ነገር ነው። ለካ ስሜት ስለው የኖርኩት የጣት ሥራ ኖሯል።

የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ ከእሱ የቀደመውን የጃዝ ጊታሪስት የቻርሊ ክርስቲያንን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ አንድ በአንድ አጥንቷል። መጀመሪያ ሲቀጠርም እነሱኑ ነበር የሚጫወተው። በኋላ በአውራ ጣቱ ያወጣውን ድምፅ ግን ከማንም ጋር የሚያምታታው የለም። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢቢ ኪንግ ደግሞ የዘመዱን የቡካ ኋይትን የስላይድ አጨዋወት (ክሩ ላይ ብረት ወይም ጠርሙስ እያንሸራተቱ መጫወት) ለመምሰል ሞክሮ አልሆነለትም። ያንን ድምፅ ፍለጋ ክሩን በጣቱ ማንቀጥቀጥ ያዘ። ገና በአንድ ኖታ የምንለየው ቫይብራቶው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ አስተማሪህ እውነቱን ነው። ብቻ ሶሎውን በሙሉ ካልቀዳሁ አትበል። ደምህን የሚያሞቀውን አራት ባር (ዜማው በምት የሚከፈልባቸው አጫጭር ክፍሎች) ውሰድ። መጀመሪያ በአፍህ አዚመው፤ በአፍህ ያልያዝከውን ጣትህ አያገኘውም። ታብ (የትኛውን ክርና ፍሬት እንደምትይዝ የሚያሳይ ጽሑፍ) አትፈልግ። ታብ ፍሬቱን ይነግርሃል እንጂ ያቺን መዘግየት አይነግርህም። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰህ ስማ። (በሸክላ ዘመን ፍጥነት ሲቀነስ ድምፁም አብሮ ይወርድ ነበር። እናንተ ተገላግላችኋል።) ከቅጂው ጋር እኩል መሄድ ስትጀምር የመጨረሻውን ባር ቆርጠህ ጣልና የራስህን ጨርስበት። በሚቀጥለው ቀን ሁለቱን ባር ጣል።

ዓይንህን መጨፈኑን ግን አትተው። እኔም እጨፍናለሁ። በቀደም እንዲያውም ተመስጬ አንድ ፍሬት ስቼ ገባሁና ቤዝ የሚጫወተው ልጅ እስኪስቅብኝ ድረስ አልነቃሁም።