መዋኛ ገንዳው ከምን ይሠራ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጅዳ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ቤት ሠርተናል። ግቢው ሰፊ ስለሆነ አሁን ለልጆቹ 8 በ4 ሜትር መዋኛ ገንዳ እናሠራ ብሎ ተነሥቷል። እሱ ተሠርቶ የሚመጣ ፋይበር ግላስ አይቶ ወዶታል። ቤቱን የሠራልን ግንበኛ ደግሞ «በብሎኬት ገንብቼ፣ ለስኜ፣ ሴራሚክ እለጥፍበታለሁ፤ በጣም ይረክስላችኋል» ይላል። አንድ ዘመዳችን ውስጡ ፕላስቲክ የሚለብሰው ይሻላል አለን። ግራ ገባን።
እህታችሁ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን ከጠየቁኝ ወለሉም ግድግዳውም በፌሮ የታሰረ ሙሌት ኮንክሪት ይሁን። ይህን የምለው ሜዳውን ስለማውቀው ነው። የቦርከና ዳር አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲያብጥ የገንዳውን ግድግዳ ከጎን ይገፋል፣ ወለሉንም ከሥር ያነሣል።

ብሎኬት ይህን አይችልም። ከላይ የሚጫነውን ይሸከማል እንጂ ከጎን ለሚመጣ ግፊት አልተሠራም። ልስኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብሎኬቱ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ካወጣ ውኃው በዚያው ይሄዳል። ግንበኛዎ ቤቱን አሳምሮ ሠርቶት ይሆናል፤ ገንዳ ግን ሌላ ሥራ ነው። የምንኖረውም ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈራረሰ ሰምተው ይሆናል። እዚህ አካባቢ ውኃ የሚይዝ ግድግዳ ያለ ፌሮ አይታሰብም።

ወንድምዎ የወደደው ፋይበር ግላስ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለስላሳ ስለሆነ አልጌ ቶሎ አይዘውም። ጉድጓዱ ካለቀ በኋላም ቶሎ ይተከላል። ችግሩ አንድ ወጥ ሆኖ መምጣቱ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ቢደርስ እንኳ፣ በሰፈራችሁ መንገድ መታጠፍና በክሬን አጥር መዝለል አለበት። ከዚህ የባሰው ግን ቅለቱ ነው። ባዶ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ሲጫኑት ወደ ላይ እንደሚገፋዎ ሁሉ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ባለበት ወቅት ገንዳውን ለማጠብ ባዶ ካደረጉት ከነቧንቧው ሊነሣ ይችላል። በእናንተ ልክ የሚሠራ የኮንክሪት ገንዳ፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ወደ 35 ቶን ይመዝናል። እሱም ቢሆን በክረምት ባዶ አይደረግም!

ፕላስቲክ የሚለብሰው መጀመሪያ ሲያሠሩት ይረክሳል። ግን ስለት ይቀደዋል፣ ባይቀደድም በ10 ዓመት አካባቢ መቀየሩ አይቀርም። የሚቀይረው ባለሙያ ከየት እንደሚመጣ ዘመድዎን ይጠይቁት።

ኮንክሪቱን ከመረጡ ዓይንዎን ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት ቦታ አይንቀሉ። ብዙ ገንዳ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ወለሉ ቀድሞ ይሞላል፤ ግድግዳው ቀናት ቆይቶ። የደረቀ ኮንክሪት ከአዲሱ ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ወለሉ ሲሞላ ዋተርስቶፕ የሚሉት የላስቲክ ጥብጣብ ግማሹ ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ፣ ግማሹ ወደ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። ግድግዳው ሲሞላ የቆመውን ግማሽ ይውጠዋል። አናጺው በሚስማር ከበሳው ወይም ሠራተኛ ረግጦ ካጋደመው ሥራው ተበላሸ። የዚያን ቀን ራስዎ ቆመው ይዩ። ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) ከመዘጋቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ የቀረው ሰጋቱራና አፈር ተጠርጎ ይታጠብ። ቧንቧዎቹም ከሙሌቱ በፊት ቦታቸውን ይያዙ፤ ኋላ በመሮ የሚቦረቡር ሰው አይግባ።

ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳው ተሞልቶ ይፈተሽ። ወደ 45 ሺህ ሊትር ስለሚፈጅ፣ ውኃ በፈረቃ የሚያገኙ ከሆነ አስቀድመው ቦቴ ያስቡበት። ኮንክሪቱ የሚመጠውን መጦ እስኪጨርስ ጥቂት ቀን ይጠብቁ። ከዚያ ባልዲ በዚያው ውኃ ሞልተው የገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡና የሁለቱንም የውኃ ልክ በእርሳስ ያስምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ የገንዳው ከባልዲው በልጦ ከወረደ፣ ፀሐይ አይደለችም የጠጣችው። ያፈሳል።

ከሁሉ በፊት ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ 2 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። መረሬው የት ላይ እንደሚያልቅ ይታያል፤ እሱ ተነሥቶ ሰሌክት በሚሉት የማያብጥ የተመረጠ አፈር መተካትና መጠቅጠቅ አለበት። ጉድጓዱን ልጆች እንዳይገቡበት በጣውላ ይክደኑት። ገንዳው ሲያልቅም አጥርና በራሱ የሚዘጋ በር ይኑረው፤ ይህን ከበጀቱ እንዳትቀንሱት አደራ። ጉድጓዱ አድሮ ውኃ ካቆረ፣ ውኃው ከመሬት ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደቆመ ለክተው ይጻፉልኝ። ያኔ ከወለሉ ሥር ስለሚገባው ጠጠርና ማፍሰሻ ቱቦ እንነጋገራለን።