የአባቴ እግር በእንክብል ይድናል ወይስ መርፌ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። አባቴን አዲስ ጫማ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ልጧቸው ነበር፤ ከዚያ እግራቸው እስከ ባታቸው ቀልቶ አበጠ። ጤና ጣቢያ ሴፋሌክሲን 500 ሚሊግራም እንክብል በየ6 ሰዓቱ ታዘዘላቸው። ዛሬ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ጎረቤቶቻችን ግን «ሴፍትራያክሶን ይወጉ፤ በቀን አንዴ ነው፣ ኃይለኛ ነው» እያሉ አስጨንቀውናል። መርፌው ይሻላቸዋል?

መልስ፦ መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው እዚህ ደሴም ሞልቷል፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ተራራ በላይም በታችም ወሬው አንድ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቡ ሴፋሎስፖሪን ይባላል። መነሻው በ1945 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ጁዜፔ ብሮትዙ ሰርዲኒያ ውስጥ፣ ከካሊያሪ ከተማ የፍሳሽ መውጫ አጠገብ ያገኘው ሻጋታ ነው። ከፍሳሽ መድኃኒት መገኘቱ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው። ሲያድግና ሲራባ ይህን ግድግዳ ያለማቋረጥ ያድሳል። ሴፋሎስፖሪን ግድግዳውን የሚያያይዘውን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል፤ ግድግዳው ይሳሳል፣ ባክቴሪያውም ከውስጥ በሚገፋው ግፊት ይፈነዳል። የእኛ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ቫይረስም የለውም፣ ለዚህ ነው ጉንፋን ላይ የማይሠራው።

አሁን ወደ «በቀን አንዴ»። የሴፍትራያክሶን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የሴፋሌክሲን ግን 1 ሰዓት ገደማ ብቻ። ልዩነቱ የቆይታ እንጂ የጉልበት አይደለም። ሴፋሌክሲን «አንደኛ ትውልድ»፣ ሴፍትራያክሶን «ሦስተኛ ትውልድ» መባሉም ሰው ያሳስታል፤ እንደ ስልክ አዲሱ አሮጌውን ይበልጣል ማለት አይደለም። ሦስተኛው እንደ ማጅራት ገትር ላሉ ከባድ ሕመሞች ጥሩ ነው። የተላጠ ቆዳን የሚያመረቅዙት ግን በአብዛኛው ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱን አንደኛው ትውልድ በደንብ ይመታቸዋል። ያዘዘላቸው ባለሙያ አልተሳሳተም።

እንክብሉን ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ይስጧቸው። ሆዳቸውን ከረበሻቸው ከምግብ ጋር ይውሰዱት። ሲሻላቸው በራሳቸው እንዳያቆሙ። እግራቸውን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉላቸው። የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ያስምሩበት፤ እስከ 2 ቀን ብዙ ለውጥ ላይታይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቅላቱ መስመሩን አልፎ ከሄደ፣ ወይም በማንኛውም ሰዓት ካንቀጠቀጣቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ቆዳው ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። የመርፌው ተራ ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አልጻፉልኝም። አባትዎ ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ወስደው ፊታቸው አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው ያውቃል? አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም፤ እንዲህ የሆነ ሰው ግን ሴፋሌክሲንም ሊያስቆጣው ይችላል። ሆኖ የሚያውቅ ከሆነ የሚቀጥለውን እንክብል ሳይውጡ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው ይንገሩ።