ከጌጁ ይልቅ እንጨቱን እመን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ኮምቦልቻ ኤርፖርት አጠገብ ነው። በቀደም አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ ስታልፍ እናቴ «ነዳጇ ቢያልቅ እላያችን ላይ ልትወድቅ ነው» ብላ ደነገጠች። እውነት እንደ ድንጋይ ትወርዳለች? ፓይለቱስ ነዳጁን እንዴት ነው የሚያሰላው?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህን አረጋጋልኝ። አየር ላይ የሚይዛት ክንፏ ነው። ሞተሯ ቢጠፋም አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ፍጥነቷን ከጠበቅክላት ትንሳፈፋለች። ብዙ የበረርኩባት ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነፋስ ከሌለ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጉዱ ያለው ፓይለቱ ደንግጦ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሲስብ ነው። ያኔ ፍጥነቷ ይሞታል፣ ትወድቃለች።

ከፍታው ግን ከሥርህ ካለው መሬት ነው የሚለካው። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የነበረህ፣ ደሴ ላይ 400 ሜትር ብቻ ይቀርሃል። ስለዚህ እዚያ ሞተር ቢጠፋብኝ ፊቴን ወደ ቦርከና ሜዳ ነው የማዞረው።

ነዳጅ በሰዓት ነው የሚሰላው። ሴስናዋ በሰዓት 35 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ነፋስ ከፊት ከመጣ መንገዱ ያው ሆኖ ሰዓቱ ይረዝማል። ለጉዞውና ወደ ሌላ ማረፊያ ለመሄድ ከሚበቃው በላይ፣ ቀን ቢያንስ የ30 ደቂቃ፣ ማታ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ይያዛል። እኔ ወሎ ላይ ከአንድ ሰዓት በታች ይዤ አልነሳም። ጠዋት ጥርት ብሎ የታየ የጦሳ ተራራ ከሰዓት በደመና ሲዋጥ ስንቴ አይቻለሁ!

ጌጅን፣ ማለትም የነዳጁን መጠን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ደግሞ አትመን። አንድ ጠዋት ጌጁ ከግማሽ በላይ ያሳያል። መሰላል ላይ ወጥቼ የታንኩን ክዳን ከፈትኩና ምልክት ያለበትን እንጨት ሰደድኩ። ስስበው የረጠበው ሦስት ጣት እንኳ አይሞላም። ቤንዚኑ ቶሎ ስለሚተን እርጥቡ ሳይደርቅ አነበብኩት። ደግሜ ሰደድኩት፣ ያው ነው። ያን ቀን ጌጁን አምኜ ብነሳ ኖሮ ይህን መልስ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር።

የግድ ማሳ ላይ ማረፍ ከመጣ፣ የታጨደ የጤፍ ማሳ እመርጣለሁ። ማሽላ ከላይ ምንጣፍ ይመስላል፤ አገዳው ግን ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ጎማውን ይይዛል። የታረሰ መሬት ከሆነ ትልሙን ተከትሎ ማረፍ ነው። መሬት ከመንካትህ በፊት ነዳጁንና ኤሌክትሪኩን ትዘጋለህ፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለህ። ፍሬሙ ከተጣመመ በኋላ በሩ ላይከፈት ይችላል።